የላም አንጀት በሑዳዴ

ስለ ራኬት ክር ተካልኝ የማያውቀው ነገር አልነበረም። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ብሎ ያምን ነበር፤ ሌላውም ሰው እንዲያምን ሳይታክት ይደክም ነበር። ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው የቴኒስ ክለብ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ያለ እንግዳ ሁሉ ሻዩን ሳይጨርስ የተካልኝን ትምህርት ይቀበላል። «ራኬት ማለት ክሩ ነው፤ ኳሷን የሚነካት እሱ ብቻ ነዋ!» ይላል፣ የገዛ ራኬቱን መሃል በጥፍሩ እያንኳኳ። እስከዚህ ድረስ ያለው እውነት ነው። ጉዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በተካልኝ እምነት ክር ማለት ፖሊስተር ነው። ያ ደረቁ፣ እንደ ሽቦ ጠንካራው፣ በቴሌቪዥን የሚያያቸው ኮከቦች የሚጫወቱበት ክር። ከሱ ለስለስ ያለው ሁሉ የሹራብ ክር ነው። ደግሞ መወጠር አለበት፤ ሲነኩት እስኪጮህ ድረስ መወጠር አለበት። «በተወጠረ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል» ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ላላ ያለ ክር ኳሷን ተቀብሎ አስፈንጥሮ ይልካታል፤ የጠበቀ ክር ኳሷን ባሰቡት ቦታ ለማሳረፍ ይረዳ እንደሆነ እንጂ ጉልበት አይጨምርም፤ ጉልበቱን የሚጠይቀው ከባለቤቱ ክንድ ነው። ክለቡ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ተካልኝ ብቻ ነበር። እሱ ራሱ ዛሬ ታሪኩን ለሰው ሲያወራ እዚህ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና «ስንት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት በሙሉ ስህተት ነበር፤ ደግነቱ ተማሪዎቼ ስላልሰሙኝ ሁሉም አልፈዋል» ይላል።

ፖሊስተር ሌላም አመል አለው። ሳይበጠስ ይሞታል። ከጥቂት ወራት በኋላ መለጠጡን ይተዋል፤ ያኔ ቆርጦ መጣል ነው። ተካልኝ ግን የማይበጠስ ነገር ያረጃል ብሎ አስቦ አያውቅም። የራኬቱ ክር ከታሰረ ዓመት አልፎታል፤ እሱ እንዲያውም ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ጥንካሬውን በኩራት ያሳይ ነበር። በዚህ በሞተ ክር፣ በዚያ ሁሉ ውጥረት፣ ሃምሳን ባለፈ ክንድ፣ በየሳምንቱ ኳስ ሲደበድብ ከረመ።

ጥር ላይ የቀኝ ክርኑ ያመው ጀመር። መጀመሪያ ያሳበበው በወንበሩ ላይ ነው። ተካልኝ ጊጊሪ ሰፈር በሚገኝ የዓለም አቀፍ ድርጅት ቢሮ የውኃ ፕሮጀክቶችን የሚገመግም ሰው ነው፤ ደህና ሰው ነው፤ ሌላው ቢቀር የሌላውን ስህተት ለማግኘት ደመወዝ ይከፈለዋል። «ወንበሩ ክንዴን ጎዳኝ» ብሎ አመለከተና ሌላ ወንበር መጣለት። አዲሱም ያው ሆነ። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ማውስ አስቀየረ። ሰው ሲጨብጠው ደግሞ ዓይኑ እንባ ስለሚያቀርር «ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስይዝህ» እያለ በሩቁ እጅ መንሳት ጀመረ። ያ ጉንፋን የካቲት ሲያልቅም አልለቀቀውም፤ የቢሮው ሰዎች ለጤናው መጨነቅ ጀምረው ነበር።

ለምን ይደብቀዋል? ምክንያቱ ሚጣ ናት።

ሚጣ አንድ ልጁ ናት። ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች፣ አባቷን «ዳዲ» የምትል፣ ስትናደድ በእንግሊዝኛ፣ ስትቀልድ በስዋሂሊ፣ ሲርባት በአማርኛ የምትናገር ልጅ። ነሐሴ ላይ ለትምህርት ሆላንድ ትሄዳለች። ክለቡ በየዓመቱ የሚያካሂደው የወላጅና የልጅ የጥንድ ውድድር አለ፤ ሁለቱ ሚጣ ራኬት ከመሬት ማንሳት ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ አንድም ዓመት ሳያጓድሉ ገብተዋል፤ አንድም ዓመት ሳያጓድሉ ተሸንፈዋል። የዘንድሮው የመጨረሻቸው ነው። ተካልኝ ይህን ቃል ከአፉ አላወጣውም፤ ሆዱ ውስጥ ግን ከዚህ ሌላ ነገር አልነበረም። ዋንጫውን ቢያገኝ አይጠላም። የሚፈልገው ግን ያን ቀን እሷ አጠገብ መቆም ነበር።

የክለቡ ደንብ ለቀቅ ያለ ነው። ወላጅ ከታመመ፣ በጨዋታ መሃልም ቢሆን፣ የቤተሰብ ወዳጅ ሊተካው ይችላል። የቤተሰቡ ወዳጅ ደግሞ አለ፤ ከሊድ ይባላል፤ መሃል ከተማ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ላብ ሳያወጣ የሚጫወት፣ ስለ ክር አንድ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቅ፣ ተካልኝን ግን ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሰው። ተካልኝ ከሊድን እንደ ወንድሙ ይወደዋል። በዚያ ሰሞን ግን ስሙ ሲነሳ ወሬ ይለውጥ ነበር።

ምክንያትም አለው። አንድ ቀን እራት ላይ ሚጣ ሹካዋን አስቀመጠችና አየችው።

«ዳዲ፣ ክንድህን ያምሃል አይደል?»

«እኔን? ማን አለሽ?»

«የሻይ ማንቆርቆሪያውን በግራህ ነው የምታነሳው።»

«ግራዬን እያለማመድኩ ነው። ትልልቆቹ ተጫዋቾች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።»

«ሲሪየስሊ ነው የምልህ። የሚያምህ ከሆነ ከአንክል ከሊድ ጋር ነው የምገባው። የአባቴን ክንድ ሰብሬ ሆላንድ አልሄድም።»

«ጤነኛ ነኝ አልኩሽ እኮ!» አለና ማንቆርቆሪያውን በቀኝ እጁ አነሳ። እስከ ግማሽ መንገድ በክብር ሄደ። ከዚያ በኋላ ሻዩ ከብርጭቆው ይልቅ የጠረጴዛውን ልብስ መረጠ። ሚስቱ እህተማርያም ምንም አላለችም፤ ጨርቅ አምጥታ አደረቀችው። እህተማርያም ዝም ካለች ነገሩን ይዛዋለች ማለት ነው፤ ተካልኝ ይህን በሚገባ ያውቃል።

ሑዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሱን ትርፍ ራኬት በእጇ ይዛ መጣች። ማን እንደወሰደበት ሳያውቅ ሲፈልገው ሰንብቷል። ክሩ ተቀይሯል። ቀለሙ የማር ሰፈፍ ይመስላል፤ በጣት ሲጫኑት እሺ ብሎ ይገባና ጣትን መልሶ ይገፋል።

«ናቹራል ጋት ይባላል» አለች። «ለክንድ ከሁሉም የሚለሰልሰው ይሄ ነው። ግን ደግሞ ኳሱን እንደዚህ የሚልክ ሌላ ክር የለም። ጠቅ አድርገው እስቲ።»

ተካልኝ ጠቅ አደረገው። እንደሱ ፖሊስተር አልጮኸም፤ ዝግ ያለ፣ የሞላ ድምፅ ሰጠ። በልቡ በጣም አማረው። እጁ ግን ራኬቱን እንደያዘ ቀረ፤ ይህን መቀበል ማለት ክንዴ አርጅቷል ብሎ መፈረም ነው። ይህ የጡረተኛ ክር ነው። ነገ ክለብ ውስጥ ሰው ሁሉ «ጋሽ ተካልኝ ወደ ሹራብ ክር ገቡ» ሲል ታየው። ማምለጫ ሲፈልግ ዓይኑ ሚጣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው የክሩ መያዣ ላይ አረፈ፤ አነሳና አነበበው። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ሚጣዬ! ይሄ እኮ የላም አንጀት ነው!»

«አዎ፣ አይ ኖው። ለዚያ ነው ናቹራል የሚባለው።»

«ሑዳዴ ነው እኮ!»

ሚጣ አፏን ከፍታ አየችው። «አትበላውም እኮ ዳዲ!»

«ጾም የአፍ ብቻ ነው ያለሽ ማነው? የእጅም ጾም አለ፣ የዓይንም ጾም አለ። እኔ በጾም ወር የከብት አንጀት ታቅፌ ሜዳ ለሜዳ አልሯሯጥም!»

ከዚህ በኋላ የተናገረውን ሁሉ ለመጻፍ የሊቃውንት ጉባኤ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለ ደም፣ ስለ ሥጋ፣ ስለ ንክኪ፣ ላብ በቆዳ ውስጥ ስለ መግባቱ አብራራ። ይህ እንግዲህ ከጥቂት ቀናት በፊት ቢሮው ውስጥ የልደት ኬክ ሲዞር ቅቤ ይኑረው አይኑረው ሳይጠይቅ ሁለት ቁራሽ የዋጠ ሰው ነው። ያን ጊዜ የሰጠው ማብራሪያ «የማላውቀው ነገር አይቆጠርብኝም» የሚል ነበር።

ሚጣ ስልኳን አውጥታ ለከሊድ ደወለች፤ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። «አንክል ከሊድ፣ ዳዲ እየጾመ ስለሆነ በላም አንጀት ክር አልጫወትም አለ።»

ከስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳቅ ብቻ ወጣ። «ቆይ ቆይ» አለ ከሊድ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «እንግዲያው እኔም ላሟ በማን እጅ እንደታረደች ላጣራ። ቢስሚላህ ተብሎላት እንደሆነ ጠይቁልኝ! እሱ በጾሙ፣ እኔ በሐላሉ፣ በመሃል ቴኒስ ሊቀርብን ነው እኮ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ተካልኝ ግን አልሳቀም። ሚጣ ስልኩን ዘጋችና የሷም ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ራኬቱን ከእጁ ወስዳ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።

«እሺ» አለች። «በሱ ካልተጫወትክ በዚያ በደረቁ ነው የምትጫወተው። በደረቁ ደግሞ እኔ አብሬህ አልገባም። ዓርብ ምዝገባው ያልቃል፤ ስሜን ከአንክል ከሊድ ጋር እጽፋለሁ።» ይህን ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ተካልኝ ሳሎኑ መሃል የያዘውን ሃይማኖት ይዞ ቆሞ ቀረ።

እህተማርያም ይህን ሁሉ ከተቀመጠችበት ስትሰማ ቆይታለች። ብድግ ብላ ከጥግ በገናዋን አመጣች። በገና መማር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች እናቶች ጋር ትማራለች፤ ሑዳዴ ሲገባ ደግሞ ቤት ውስጥ በየምሽቱ ሳትደረድር አትተኛም። ከባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠችና መቃኘት ጀመረች።

«ተኬ፣ ይህቺን አውታር እስቲ ያዝልኝ፤ ላልታብኛለች» አለችው።

ያዘላት። ሚስቱ አልተቀየመችም ብሎ ደስ አለው።

«ምን ዓይነት ጥሩ አውታር ነው ያመጣህልኝ፤ ከየት ነበር የገዛኸው?»

«አዲስ አበባ ነዋ፤ ኅዳር ላይ። ረሳሽው? ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ይዞኝ ስንት ሰዓት ያስለፈለፈኝ።»

«ምንድን ነው ብሎ ነበር የጠየቀህ?»

«ምንድን ነው አለኝ። እኔም የጸሎት መሣሪያ ክር ነው፣ የተሠራው ከ...» አለና ተካልኝ የያዘውን አውታር አየ።

«ከ?»

«ከበግ አንጀት» አለ፣ ድምፁ ወደ ውስጥ እየገባ።

«በገና ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚደረደረው መቼ ነው?»

«በ... በጾም።»

«ታዲያ ላሟ ከበጉ በምን በለጠችብህ፣ ተኬ?»

በሩ የተዘጋው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ዱብ አለ፤ ሚጣ ናት። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ስትሰማ ኖሮ ሳቁ ጥሏታል። እህተማርያምም ከንፈሯን ነክሳ ቆይታ በመጨረሻ አልቻለችም። ተካልኝ አውታሩን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ተቀምጦ በጣም ሊቆጣ አሰበ፤ የሚቆጣበት ነገር ፈለገ፤ አጣ። እሱም ሳቀ። የገዛ እጁ ከአዲስ አበባ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣው አንጀት ነው የረታው።

ሚጣ ዓይኗን እያበሰች ወጣች። ተካልኝ ራኬቱን ከሶፋው ላይ አነሳ። «እንግዲህ ቤተሰቡ ከፈቀደ» አለ፣ «በዚህ እጫወታለሁ። ለጣዕሙ ብዬ ነው እንጂ ክንዴስ ጤነኛ ነው።»

ሚጣ ቆማ ጠበቀች። አንድ ሌላ ቃል እንዲጨምር እንደምትፈልግ ገባው፤ ቃሉንም ያውቀዋል። ግን ቃሉ ከወጣ ከሊድ ይገባል፤ ራሷ ናት ያለችው። ዋጠው። «እሺ ዳዲ» አለችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ተካልኝ በዚያ ምሽት ልጁን እንደዋሸ ተሰማው።

በማግስቱ ጠዋት ከቢሮ በፊት፣ ሰው ሳያየው ክለቡ ግድግዳ ላይ ሊሞክረው ሄደ። እንደልማዱ ሙሉ ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ለድብደባ በተዘጋጀ ጉልበት የመጀመሪያዋን ኳስ መታ። ኳሷ ግድግዳውን አላገኘችውም። ከግድግዳው በላይ አልፋ፣ ከአጥሩ በላይ አልፋ፣ ወዲያ ማዶ ካለው ፎቅ በረንዳ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት። ከበረንዳው አንዲት ሴትዮ ብቅ ብላ የሆነ ነገር በኪኩዩ ተናገረች፤ ተካልኝ ኪኩዩ አይሰማም፤ ቢሆንም ገባው።

ሦስተኛዋን ኳስ በፍርሃት መታት፤ እንደ ሕፃን ጀርባ ቸብ አደረጋት። ያኔ ነው የተሰማው። ኳሷ ክሩ ላይ ትንሽ ቆየች፤ ገባችና ወጣች፤ እሱ ምንም ሳያደርግ ቀጥ ብላ ሄደች። ክርኑ ውስጥ ያ የለመደው መርፌ አልወጋውም። ደግሞ መታ፤ ደግሞ። እጁ ላይ የቀረው ትንሽ ንዝረት ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ይላል። ያን ሁሉ ዓመት የሱ ጉልበት ነው ብሎ ሲኮራበት የነበረው ነገር ከደረቅ ክር ጋር ሲታገል የሚያወጣው ድካም መሆኑ ያኔ ገባውና ብቻውን አፈረ። ቀጥሎም ብቻውን ሳቀ። ቢሮ አርፍዶ ገባ።

ሰው ግን ቶሎ አይለወጥም። ሳምንቱ ሳያልቅ ክለቡ ውስጥ አዲስ ትምህርት ተጀመረ። «ናቹራል ጋት ነው!» ይላል ተካልኝ የሰው ሻይ እያቀዘቀዘ። «ሌላው ሁሉ የአጥር ሽቦ ነው!»

«ባለፈው ሳምንት የሹራብ ክር አልነበረም እንዴ?» አለው ከሊድ።

«ጥናት ይሻሻላል» አለ ተካልኝ።

ክር መድኃኒት አይደለም፤ ክርኑ አልዳነም። ቀለለው እንጂ አልተወውም። ጉንፋኑም እንደያዘው ነው።

የውድድሩ ቅዳሜ ደረሰ። የናይሮቢ የበልግ ዝናብ ከሳምንቱ መጀመሪያ አንስቶ ሲያስፈራራ ነበር፤ ጠዋት ግን ሰማዩ ገለጥ አለ። ተካልኝና ሚጣ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፉ። ተካልኝ አጋጣሚ ነው አለ። ሁለተኛውንም አሸነፉ። ሚጣ ትሮጣለች፣ እሱ መረቡ አጠገብ ቆሞ ራኬቱን ዘርጋ ያደርጋል፤ ክሩ የቀረውን ይሠራል። ከቀትር በኋላ በዕድሜያቸው አይተውት የማያውቁት ነገር ሆነ፤ ፍጻሜ ደረሱ። ተጋጣሚዎቻቸው የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ኦቲየኖና ረጅሙ ልጁ ነበሩ። እህተማርያምና ከሊድ ከሜዳው ዳር ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ከሊድ ምናልባት ብሎ የመጫወቻ ጫማውን አድርጎ መጥቷል፤ ተካልኝ ያን ጫማ በተደጋጋሚ አየው።

አንድ አንድ ዙር አሸንፈው በመጨረሻው ዙር ላይ እያሉ ካፊያ ጀመረ። ጋት ክር አንድ ነገር ይጠላል፤ ውኃ። ሚጣ በየነጥቡ መሃል «ፎጣ፣ ዳዲ፣ ፎጣ!» ትላለች፤ እሱም ይጠርጋል። የሜዳው ቀይ አፈር ግን ኳሶቹ ላይ ተጣብቋል፤ አሸዋማው እርጥብ አፈር ደግሞ ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። እኩል በእኩል እያሉ የኦቲየኖ ልጅ በኃይል የላካትን ኳስ ተካልኝ ሲመልስ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የማር ሰፈፍ ቀለም ያለው ክር መሃል ላይ ተበጥሶ ጫፉ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ተነሳ።

ተካልኝ ማሰብ አልፈለገም። ሚጣ አፏን ሳትከፍት ወደ ቦርሳው ሮጦ ያን ደረቁን፣ የሞተውን ፖሊስተር አወጣ። «እንቀጥል!» አለ።

ውኃ የጠጣች ኳስ ከባድ ናት። የመጀመሪያዋን ሲመታ ሕመሙ ከክርኑ ተነስቶ ትከሻው ድረስ ወጣ፤ ዓይኑ ጨለመበት። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ተንበርክኮ፣ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። ሁለተኛዋን ሲመታ ራኬቱ ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ተንበርክኮ ሌላኛውን ጫማ ማሰር ሲጀምር ከፊቱ የሚጣ እግሮች ቆሙ።

«ስጠኝ» አለች።

«ምኑን?»

ራኬቱን ከእጁ ወሰደችው። ከኪሷ ኳስ አውጥታ አንድ ጊዜ ወደ አጥሩ መታችና ወዲያው እጇን እንደተቃጠለ ሰው አራገፈች። ክንዷን በሌላው እጇ ያዘች። ከዚያ አባቷን አየችው፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ሳቅም አልነበረም።

«ዳዲ፣ በዚህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ስትጫወት የኖርከው?»

ተካልኝ ብድግ አለ። ዳኛው ሰዓቱን ያያል፤ ኦቲየኖና ልጁ ዛፍ ሥር ተጠልለዋል። ከሊድ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተጠግቶ ተቀምጧል።

«ያምሃል?» አለች ሚጣ።

«አያመኝም» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ዝግጁ ሆኖ ቆሞ ነበር፤ ከጥር ጀምሮ እዚያው የሚያድር ቃል ነው። ሌላውን ካወጣ ከሊድ ይነሳል። ከሊድ ከተነሳ ዋንጫውን ሊያገኙ ይችላሉ፤ እሱ ግን ልጁ የምትጫወተውን የመጨረሻ ጨዋታ ከውጭ ሆኖ ያያል። ያን ፊቷን ሲያይ ግን መዋሸቱ አስጠላው።

«ያመኛል» አለ።

አንዴ ከወጣ በኋላ ማቆም አልቻለም። «ከጥር ጀምሮ ያመኛል። ወንበሩ ምንም አላደረገኝም፤ ጉንፋንም ይዞኝ አያውቅም። ጸጉሬን ስበጥር ያመኛል፤ ጥርሴን ስቦርሽ ያመኛል። ጉልበቴንም ያመኛል፤ እሱንስ ማንም አልጠረጠረም!» ሚጣ ሳቋ መጣ፤ እሱም እያየ አብሯት ሊስቅ ነበር፣ ግን አፉ ያላዘዘውን ቀጠለ። «ስትሄጂም ያመኛል።»

ሳቋ ቆመ። ካፊያው ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ተካልኝ ያለውን ሰምቶ ራሱ ደነገጠ፤ ፊቱን አዞረና በግራ እጁ ወደ ውጭ ጠቆመ። «ከሊድ፣ ና ግባ በቃ።»

ከሊድ ሊነሳ እጁን ወንበሩ ላይ አስደገፈ።

«አንክል ከሊድ፣ ተቀመጥ!» አለች ሚጣ ዞር ሳትል። የራሷን ራኬት፣ ለስላሳ ክር ያለውን፣ አባቷ እጅ ውስጥ አስገባችው፤ ደረቁን እሷ ያዘች። «ለቀረው ትንሽ ጌም እኔን ምንም አይለኝም። አንተ ቸብ ቸብ ብቻ አድርግ፤ ሰርቪስህንም ከታች አንሳ። ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ እኮ፤ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

«ታዲያ ከከሊድ ጋር እገባለሁ ያልሽውስ?»

«አንክል ከሊድን ምን አደርገዋለሁ?» አለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ። ወደ ቦታዋ ሁለት እርምጃ ሄዳ ጀርባዋን እንደሰጠችው ቆመች። «እኔንም ያመኛል ደግሞ» አለች ቀስ ብላ።

ተካልኝ ሰርቪሱን እንደ ትንሽ ልጅ ከታች አነሳው። የክለቡ ሰው ሁሉ ሳቀበት፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ጨዋታ ሊባል የሚችል ከሆነ፣ ብዙም አልቆየም። አባት ዓይኑ እንባ ስለሞላ ኳሱን አያይም፤ ልጅ ኳሱን እያየች በደረቁ ክር መቆጣጠር አልቻለችም። ተሸነፉ። መረቡ ላይ ሲጨባበጡ ዶክተር ኦቲየኖ የሁለቱንም ፊት አይቶ በዋንጫው ያዘኑ መሰለው፤ ደግ ሰው ነው፤ «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» ብሎ በስዋሂሊ እያጽናና የተካልኝን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አይዟችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትመልሱታላችሁ» አላቸው በእንግሊዝኛ።

ዶክተሩ ስለ ሆላንድ አልሰማም። ሚጣ የታመመውን ክንዱን ከክርኑ በላይ፣ በማያመው በኩል፣ ያዘችውና ለዶክተሩ «እንመልሰዋለን» አለችው።